ጀሪካን ጉንዳኖች

ነጂባ ቀዩን ጥጥ ከጠርሙሱ ክዳን ላይ አንስታ ምላሷ ላይ አደረገችው። ጠበቀች። የቀለም ጣዕም አለው። የጥጥ ጣዕም አለው። ስኳር ግን የለውም።

በመስኮቱ ተፋችው። ከዚያ በጉንዳኖቹ ሣጥን ማዶ ያለውን ሌላውን ጥጥ ቀመሰች። እሱም ያው ነው፤ ቀይ ውሃ ብቻ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። የጠዋቱ ደወል ገና አልተደወለም። በላቦራቶሪው ውስጥ ከእሷና ከጉንዳኖቹ በቀር ማንም የለም።

ጉንዳኖቹ የሚኖሩት በእንጨት በተገጠሙ ሁለት የመስኮት መስታወቶች መካከል ነው። በመካከሉ አፈር አለ፤ አፈሩ ውስጥ ራሳቸው የቆፈሯቸው መንገዶችና ክፍሎች በመስታወቱ ይታያሉ። ሰፊዋ ክፍል ከላይ ነች። በእሷ ጣሪያ ላይ መጀመሪያ ሃያ አንድ ጉንዳኖች ተንጠልጥለው ነበር። ሆዳቸው እንደ ሽምብራ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ውስጡ ያለው ቀይ ፈሳሽ በብርሃን ይታያል። እነዚህ አይቆፍሩም፣ አይዋጉም፣ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ሌሎቹ ከውጭ የሚያመጡላቸውን ጣፋጭ ተቀብለው በሆዳቸው ያኖራሉ። ምግብ ሲጠፋ፣ የራባት ጉንዳን መጥታ ፊታቸውን በቀንዷ ትነካካለች። ያበጠችው አፏን ከፍታ ታጠጣታለች።

የባዮሎጂ መምህርታቸው ማዳም ጆይስ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም ነግረዋቸው ነበር። የክፍል ጓደኛዋ ጃለቱ ግን መጀመሪያ ባየቻቸው ቀን «ጀሪካኖች» አለቻቸው፤ ስሙ በዚያው ጸና። ዓመቱ በፈረንጆች 2017 ነበር፣ ድርቁ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በኬንያዋ ሞያሌ በየቧንቧው ፊት የተሰለፈ ቢጫ ጀሪካን ከሰው ይበልጥ ነበር።

ነጂባ ቆጠረች። ዛሬ ያበጡት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሆዳቸው ተሸብሽቦ እንደ ማንኛዋም ጉንዳን ቀጥነዋል። ሦስቱ ደግሞ ወለሉ ላይ ሞተዋል።

ደብተሩን ገለጠች። በየሁለት ቀኑ፣ በጃለቱ ክብ ክብ ፊደል፣ «ተመግበዋል» የሚል ተጽፏል። ላለፉት አሥራ ስምንት ቀናት ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል።

ሥራውን የተካፈሉት ገና ጥር ላይ ነበር። ጉንዳኖቹን ከነንግሥታቸው መንደሯ ቡቲዬ ውስጥ ከድንጋይ ስር ቆፍራ ያመጣችው ጃለቱ ነች፤ መመገቡም የእሷ ሆነ። ነጂባ ትቆጥራለች፣ ትለካለች፣ ትጽፋለች። ሆዳቸው ውስጥ ያለው እንዲታይ ማዳም ጆይስ የስኳሩን ውሃ በቀይ የኬክ ቀለም አቀለሙላቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ማርሳቢት የሳይንስ ውድድር አለ። ትምህርት ቤቱ ከዚህ በፊት እዚያ ተማሪ ልኮ አያውቅም።

ስኳሩ ለላቦራቶሪው የተሰጠ ባለ አምስት ኪሎ ቆርቆሮ ነው። ነጂባ ቁምሳጥኑን ከፍታ ክዳኑን አነሳች። ቆርቆሮው ስሩ ይታያል።

መልሳ ዘጋችው።

ባለፈው ወር ከመጋዘን ባቄላ ጠፍቶ ነበር። የምሳው ንፍሮ በግማሽ ከቀነሰ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር በዝቷል። ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ሕጉን ተናገሩ፤ ከትምህርት ቤቱ ምግብ የወሰደች ደብዳቤ ተሰጥቷት ለሁለት ሳምንት ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ የምትመለሰውም አባቷን ይዛ ቢሮ ስትቀርብ ነው። ሁለት ልጆች ተላኩ። አንዷ ተመለሰች። ሌላዋ ዋጂር ተድራለች አሉ።

በእረፍት ሰዓት ጃለቱ መጣች። ረጅም ናት፤ በክፍላቸው በፎርም ቱ ውስጥ ከሷ የምትረዝም የለችም። ነጂባ ጀሪካኖቹ እያለቁ ነው አለቻት።

«ሙቀት ነው» አለች ጃለቱ። «እኔም በዚህ ሙቀት ከጣሪያ ተንጠልጥዬ ብውል እሸበሸባለሁ።»

«ስኳር ታደርጊበታለሽ?»

«ምን ላድርግበት፣ ጨው?»

ጃለቱ ሳቀች። ነጂባም ትንሽ ሳቀች። መቅመሷን አልነገረቻትም። ጃለቱ ጥጡን ለማየት ጎንበስ ስትል፣ የአንገቷ አጥንት ከዩኒፎርሙ በላይ ወጥቶ ታየ። ስኳሩን ቤታቸው እየበሉት ነው፣ ብላ አሰበች ነጂባ። ይህን ስታስብ ንዴቷ በረደ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። የራባቸው ከሆነ ለምን አልነገረችኝም? ለምን ቀለሙን እየበጠበጠች ታታልለኛለች?

ሰኞ ጠዋት ያበጡት አምስት ነበሩ። ነጂባ መስታወቱ አጠገብ ተቀምጣ አንዷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። የዚያች ጀሪካን ሆድ አልቋል፤ የቀረው አንድ ቀይ ነጥብ ነው። የራባት ጉንዳን መጥታ ፊቷን ነካካቻት። ጀሪካኗ አፏን ከፈተች። ከዚያ ሌላ መጣች። ለሷም ከፈተች። ሦስተኛዋ ስትመጣ የሚሰጥ ነገር አልነበረም፤ አፏን ግን ከፈተች። ከምሳ በኋላ ከጣሪያው ወድቃ ነበር። ሌሎቹ እየጎተቱ ሬሳ ወደሚከምሩበት ጥግ ወሰዷት።

ከትምህርት በኋላ ነጂባ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ጃለቱን በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ዛሬ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ሩቅ ነው።»

«እግር አለኝ።»

ጃለቱ አየቻት። ከዚያ መንገዱን ጀመረች። እስከ ቡቲዬ ድረስ ጎን ለጎን ተጓዙ። ከመንገዱ ዳርና ዳር የደረቀ የፍየል ሬሳ አለ፤ ጅብ እንኳ ትቶታል። የሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎች በሻርፕ አፍንጫቸውን አስረው ያልፋሉ።

የጃለቱ ቤት ግቢ ስትደርስ ነጂባ መጀመሪያ ያየችው ላሟን ነው። ላሟ አልቆመችም፣ አልተኛችምም። ሁለት አጣናዎች በሆዷ ስር ተሰክተው ጫፋቸው በድንጋይ ላይ ተደግፏል። እግሮቿ መሬት ነክተዋል እንጂ አልተሸከሟትም። ሆዷ ግን ትልቅ ነው፤ እርጉዝ ናት። የጃለቱ አባት ቦሩ አጠገቧ ተቀምጠው ዝንቡን በቅጠል ይከላከላሉ። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ጠርተው ያነሷታል። ጎረቤት ካልመጣ እንደወደቀች ትውላለች።

ጃለቱ ቤት ገባችና በፕላስቲክ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ ይዛ ወጣች። ከቦርሳዋ ትንሽ ፌስታል አውጥታ ስኳሩን ጨመረችበት። አንገቷን አልደፋችም፤ ነጂባ ፊት በግልጽ አደረገችው። አባትዋ የላሟን ራስ ቀና አደረጉ፣ እሷ ጠርሙሱን በአፏ ጎን አስገብታ ቀስ እያለች አፈሰሰች። ግማሹ ተዋጠ። ግማሹ በላሟ አገጭ ላይ ወርዶ መሬት ላይ ፈሰሰ።

የጃለቱ ታናሽ እህት ኸይራ አራት ዓመቷ ነው። መጥታ ቁጢጥ አለች። ጣቷን እርጥቡ አፈር ላይ አድርጋ ላሰችው። ቦሩ ሳይቆጡ በእጃቸው ወደ ጎን አደረጓት። እንደገና መጣች። እንደገና ወደ ጎን አደረጓት። ጃለቱ ዓይኗን ከጠርሙሱ አላነሳችም።

ነጂባ አላስቻላትም። «ለምን አታርዷትም?» አለች በአማርኛ። «ሳትሞት ብታርዷት ልጆቹ ሥጋ ይበሉ ነበር።»

ቦሩ አማርኛ ይሰማሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንበር ተሻግረው ገበያ ሲወጡ ኖረዋል። ነጂባን ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ለጃለቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ነጂባ ቃሉን ሳትይዝ ድምፃቸው ዝቅ ማለቱን ብቻ ሰማች። ጃለቱ ጠርሙሱን አስቀምጣ ነጂባን በክንዷ ይዛ ከግቢ አስወጣቻት።

«እንደሱ አይባልም» አለች መንገድ ላይ ሲደርሱ። «የኛ አይደለችም።»

«የማን ናት?»

የታዲቻ ናት አለቻት። ታዲቻ የጎሳቸው ሰው ነው፣ ደህና ከብት ያለው። ከሦስት ዓመት በፊት የእነ ጃለቱ ከብቶች በበሽታ ሲያልቁ ይህችን ላም ሰጣቸው። ለዘለቄታው አይደለም። እንዲህ ያለውን ዳበሬ ይሉታል። ወተቱ የተቀባዩ ነው፣ ጥጃው የባለቤቱ። ላሟን መሸጥ የለም፣ ማረድ የለም። ከሞተች ቆዳዋን ተሸክመህ ባለቤቱ ዘንድ ትሄዳለህ፤ እንዴት እንደሞተች ትነግረዋለህ። ባለቤቱ ክፈለኝ አይልም። ነገር ግን ሰው ሁሉ ያወራል። ይዘው ያልደከሙላት እንደሆነ ሁለተኛ የሚሰጣቸው አይኖርም።

«አራት ፍየሎች ነበሩን» አለች ጃለቱ። «ሁሉም ሞቱ። ለነሱ አንዲት ማንኪያ ስኳር አልወሰድኩም። የኛ ስለሆኑ።»

ነጂባ ስኳሩን ቤታቸው የሚበሉት መስሏት እንደነበረ ነገረቻት።

«ብንበላው ይሻል ነበር» አለች ጃለቱ።

በጫማዋ ጫፍ አፈሩን ቆፈረች። ከዚያ ዓይኗን መንገዱ ላይ አድርጋ የቀረውን ነገረቻት። ሄሉ በምትባል መንደር አንድ የከብት ነጋዴ አለ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮባቸዋል። አባቷ እምቢ አላሉም፣ እሺም አላሉም። ዝናቡ እስኪመጣ እንይ ብለዋል። ላሟ ከወለደች ወተት አለ፣ ልጆቹ ይተርፋሉ፣ ጃለቱም ትማራለች። ላሟ ካልተረፈች ግን ከቤቱ አንድ አፍ መቀነስ አለበት።

«ብትነግሪኝ ኖሮ…» አለች ነጂባ።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? ትጽፊው ነበር። አንቺ ሁሉን ነገር ትጽፊያለሽ።»

ነጂባ ስኳር የቆመው መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀቻት። ጃለቱ ላሟ የወደቀችበትን ቀን ነገረቻት። ደብተሩ ላይ ነጂባ ስትቆጥር ሃያ አንድ ቀን ሆኖታል።

ላሟ ማክሰኞ ሌሊት ሞተች። ረቡዕ ጃለቱ ትምህርት ቤት መጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ቆዳውን ተሸክመው ወደ ታዲቻ ሄደዋል።

ማዳም ጆይስ ላቦራቶሪ የገቡት ሐሙስ ነው። ከሜሩ የመጡ ወጣት መምህርት ናቸው። ሌሎቹ የሩቅ አገር መምህራን ጸጥታውን ፈርተው ዝውውር ሲጠይቁ እሳቸው ቀርተዋል። ሳጥኑን አዩ፣ ደብተሩን አነበቡ፣ ቁምሳጥኑን ከፍተው ቆርቆሮውን አዩ። ከዚያ ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊታቸው አስቀመጧቸው።

አልጮሁም። ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው አሉ። ደብተሩ እውነት ከሆነ ጉንዳኖቹ ታመዋል፤ ማርሳቢት የሚሄድ ነገር የለም። ደብተሩ ውሸት ከሆነ ደግሞ ለርዕሰ መምህሩ ማሳወቅ አለባቸው፤ የጠፋው የትምህርት ቤቱ ስኳር ነውና። ከዚያ ሁለቱን ተራ በተራ አይተው ሌላ ነገር ጨመሩ። ጉንዳኖቹ ምንም ሳይመገቡ ይህን ያህል ቀን ጀሪካኖቹ ብቻ አቆይተዋቸው ከሆነ፣ ያ ትልቅ ውጤት ነው። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ ሰው ካለ ውድድሩን ሊያሸንፍበት ይችላል። ግን ቀኑን የሚያውቅ ሰው ስኳሩ የት እንደሄደም ያውቃል። እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ አሉ።

ጃለቱ ከላቦራቶሪው እንደወጣች ወደ በሩ ሄደች። ነጂባ ተከተለቻት።

«ሰኞ አልመጣም» አለች ጃለቱ።

«የት ልትሄጂ?»

«አባዬ ቆዳ ተሸክሞ ታዲቻ ፊት ቆሟል። ከዚያ ተመልሶ ደግሞ ልጅህ ሌባ ናት ሲሉት እዚህ ይቁም? አላቆመውም። ከማቆመው ብቀር ይሻለኛል።»

«ማዳም እኮ ይረዱሽ ይሆናል።»

«ማዳም አዝነው ደብዳቤውን ይጽፉታል። ሳያዝኑም ይጽፉታል። ደብዳቤው አንድ ነው።»

ነጂባ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች፤ ያልጠበቀችው ነገር ነው። ዓርብ ጠዋት ቀድማ መጣች። በጣሪያው ላይ አንድ ጀሪካን ብቻ ቀርታለች። ንግሥቲቱ ታች ባለችው ክፍል በሕይወት አለች፤ ዙሪያዋን ከበዋታል። ነጂባ ከቤቷ በወረቀት ጠቅልላ ያመጣችውን አንድ እፍኝ ስኳር በውሃ በጥብጣ ሰጠቻቸው። ቀለም አልጨመረችበትም።

ከዚያ ደብተሩን ከፍታ ተቀመጠች።

ጃለቱ ለሁለት ሳምንት ብትላክ አትመለስም። ይህን ለማወቅ መለካት አያስፈልግም። ነጂባ ብትላክ ትመለሳለች፤ እናቷ ሀቢባ እየጎተተች ትመልሳታለች። ከባዱ አባቷ ነው። ባሺር ከኢትዮጵያ ሲወጣ ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ወረቀት ጠብቋል። አሁን ማንያታ ሰፈር ጎማ ይጠግናል፣ መታወቂያም አለው። ሆኖም ቢሮ የሚባል ነገር አይወድም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ቤት ሲመጣ ለሀቢባ አቀብሏት ወደ ውጭ ይወጣል። የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ተገኝቶ አያውቅም። ደብዳቤው ግን አባት ይቅረብ ይላል።

ብዕሩን ይዛ ብዙ ቆየች። በዚያ ደብተር ያልተቆጠረ ነገር ጽፋ አታውቅም። አንድ ጊዜ የሞቱት አምስት ይሁኑ ስድስት ስላልታያት ሣጥኑን ለመክፈት አንድ ሰዓት ሙሉ ማዳምን ጠብቃለች።

በእንግሊዝኛ፣ በጥንቃቄ ጻፈች። ስኳር የቆመበትን ቀን ጻፈች፤ እውነት ነው። ጀሪካኖቹ በየሳምንቱ ስንት እንደነበሩ ጻፈች፤ እውነት ነው። ጉንዳኖቹ ያለ ምግብ ሃያ አምስት ቀን እንደቆዩ ጻፈች፤ ይህም እውነት ነው። ከዚያ ከስሩ እንዲህ ብላ ጨመረች፤

«የስኳሩን ውሃ የምበጠብጠው እኔ ነበርኩ። ስኳሩን ወደ ቤት ወስጄዋለሁ። ጃለቱ የሰጠኋትን አስቀመጠች፤ ስኳር እንደሌለው አታውቅም ነበር። ውጤቱን ማርሳቢት እሷ ልታቀርበው ትችላለች።»

ሙሉ ስሟን ፈረመች። ደብተሩን በማዳም ጆይስ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ማዳም ያምኑ እንደሆነ አታውቅም። ጽሑፉ ግን የሷ ነው፣ ፊርማውም የሷ ነው።

ጃለቱን ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ሰኞ ነይ አለቻት። ጃለቱ ለምን ብላ ጠየቀች። ነጂባ ነገረቻት። ጃለቱ ፊቷ ተለወጠ።

«አልጠየቅሁሽም» አለች። «ማን ስጪኝ አለሽ?»

«ማንም።»

«እና ምን ልበልሽ አሁን?»

«ምንም አትበይ። ብቻ ነይ።»

ጃለቱ ዞር ብላ መስኮቱን ማየት ጀመረች። እመጣለሁ አላለችም። አልመጣምም አላለችም። ነጂባ ትንሽ ጠብቃ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ማንያታ ስትደርስ አባቷ በሱቁ ፊት፣ በተቆረጠ በርሜል ውሃ ውስጥ የጎማ ከመነዳሪ ነክሮ ቀዳዳውን እየፈለገ ነበር። ሰው አልነበረም። ዩኒፎርሟን ሳትቀይር አጠገቡ ቆመች።

«አባቢ፣ ሰኞ በደብዳቤ ትምህርት ቤት ይጠሩሃል።»

ባሺር ከመነዳሪውን ከውሃው አላወጣም። «ማን?»

«ርዕሰ መምህሩ።»

«ምን አደረግሽ?»

«ከላቦራቶሪ ስኳር ወሰድኩ።»

አባቷ ቀና አለ። ልጁን ያውቃታል፣ ቤቱንም ያውቃል። በዚያ ወር ቤት ውስጥ የገባውን ስኳር ሁሉ ራሱ ነው የገዛው።

«የት አለ?» አላት።

«አልቋል።»

ሌላ ነገር ትል እንደሆነ ጠበቃት። አላለችም። እሱም አልጠየቀም። እጁን ከውሃው አውጥቶ በጨርቅ ጠረገው፤ ከደረቀም በኋላ ጠረገው። ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት ሥራ ጀመረ፣ ድምፁ እስኪቆም ባሺር ጨርቁን አጣጠፈ።

«መታወቂያዬን ይዤ ልምጣ?» አለ ባሺር።

«ያዘው» አለች ነጂባ።